ባለ ቅንድቡ የባሕር ቀበሮ

አንድ ዓሣ በሁለት ስም ቢጠራ ማንን ይጎዳል? ለብዙው ሰው ጥያቄው ራሱ የሚያስቅ ነው፤ ዓሣው በባሕሩም ያው፣ በድስቱም ያው ነውና። ነገር ግን በሞቃታማ ውቅያኖሶች ጥልቀት ውስጥ የሚኖር አንድ የሻርክ ዓይነት አለ፤ ለእርሱ የስም ነገር የመኖርና ያለመኖር ነገር ሆኖበታል። ስሙ ጠፍቶ መቶ ዓመት ያህል ቆየ፤ ከዚያም ተገኘ፤ እንደገና ደግሞ ከወንድሞቹ ስም ጋር ተቀላቀለ። በዚህ ሁሉ መካከል ዓሣ አስጋሪዎች ከባሕር ሲያወጡት ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከማዴይራ ነው። ማዴይራ ከሞሮኮ ዳርቻ በስተ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ብቅ ያለች፣ በፖርቱጋል ሥር የምትገኝ ተራራማ ደሴት ናት። ከዳርቻዋ ጥቂት ራቅ እንደተባለ ባሕሩ ገደል ሆኖ ስለሚወርድ፣ የአገሬው ዓሣ አጥማጆች ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይታዩትን የጥልቅ ውኃ ዓሦች በአጭር ጉዞ ያወጣሉ። በ1832 በደሴቲቱ ለሚኖሩት እንግሊዛውያን ቄስ ሆነው የተሾሙት ሪቻርድ ቶማስ ሎው፣ ከስብከታቸው ጎን ለጎን ዕፅዋት የሚለቅሙ፣ ቀንድ አውጣ የሚሰበስቡ፣ ዓሣ የሚመረምሩ ሰው ነበሩ። እኚህ ቄስ በ1841 በለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ኅትመት ላይ፣ ጅራቱ እጅግ የረዘመ፣ ዓይኑ ከመጠን ያለፈ፣ ከዓይኑ በላይ ደግሞ ግንባሩ እንደ ቅንድብ ጎላ ያለ ሻርክ ማየታቸውን በጥቂት መስመር ጽፈው አሳወቁ። ስሙንም «ሱፐርሲሊዮሰስ» አሉት። ከላቲኑ ቃል የመጣ ነው፤ በአማርኛ ብንፈታው «ባለ ቅንድቡ» ማለት ይሆናል።

ጽሑፉ አጭር ስለነበረ አንባቢ አጣ። ሎው በ1874 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ማዴይራ ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ ሁለቱም ሞቱ። ባለ ቅንድቡ ሻርክም በመጻሕፍቱ መካከል ተረሳ። ከዚያ በ1935 ሂሮሺ ናካሙራ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ በታይዋን ዙሪያ የተያዙትን ባለ ረዥም ጅራት ሻርኮች ሲመረምሩ፣ ያንኑ ትልቅ ዓይን አዩ። አዲስ ፍጡር መሰላቸውና «ፕሮፈንደስ»፣ ማለትም «የጥልቁ» ብለው ሰየሙት። ሊፈረድባቸው አይገባም፤ የአትላንቲኩን ቄስ ማስታወሻ በሌላው የዓለም ጫፍ ማን ያስታውሰው ነበር? የኋላ ሊቃውንት ጽሑፎቹን ሲያመሳክሩ ግን የማዴይራውና የታይዋኑ አንድ ዓሣ ሆነው ተገኙ። በእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ ደግሞ ቀድሞ የታተመው ስም ይጸናል፤ የበለጠ ያማረው ወይም የበለጠ ገላጭ የሆነው አይደለም። ስለዚህ «የጥልቁ» ቀረና «ባለ ቅንድቡ» ጸና። እውነቱን ለመናገር የናካሙራው ስም ለዓሣው ጠባይ የተሻለ ይስማማ ነበር፤ ሕግ ግን ሕግ ነው።

ናካሙራ ጨርሰው አልከሰሩም። በዚያው በ1935 «ፔላጂከስ» ያሉት ሌላ ዝርያ አዲስ ሆኖ እስከ ዛሬ በስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል።

የወገኑ የጋራ ስም «አሎፒያስ» የሚለው ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ ቀበሮ ነው። ግሪኮች ባለ ረዥም ጅራቱን ሻርክ ከጥንት ጀምሮ የባሕር ቀበሮ ይሉት ነበር። ጅራቱ ብቻ ሳይሆን ተንኮሉም እንደ ቀበሮ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ አርስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፉ፣ ይህ ዓሣ መንጠቆ የዋጠ እንደሆነ በገመዱ ላይ ሽቅብ ሮጦ ገመዱን በጥርሱ ይበጥሳል ይላል። ሰፊውን የሚታወቀውን ዝርያ በ1788 «የቀበሮ» የሚል ስም ሰጥተው በሳይንስ መዝገብ ያስገቡት ፒየር ዦዜፍ ቦናቴር የሚባሉ ፈረንሳዊ ካህን ናቸው። የወገኑን ስም «አሎፒያስ» ብሎ ያቆመው ደግሞ በሲሲሊ ይኖር የነበረው ኮንስታንቲን ራፊኔስክ ሲሆን ጊዜው 1810 ነው። ከሦስቱ ቀደምት ስም አውጪዎች ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸው የሚገርም ነው።

እንግሊዝኛው ግን ቀበሮውን ትቶ «ወቂ» ብሎታል። የአውሮፓ ገበሬ እህሉን የሚወቃው ሁለት ዱላ በማሰሪያ አያይዞ በማወናጨፍ ስለነበረ፣ የዓሣው ጅራት ያንን መሣሪያ አስታውሷቸው ነው። በሬ አውድማ ላይ እያዞረ ላደገ ሰው ይህ ስም ብዙም አይነግረውም። ቡሄ ሲደርስ ሜዳ ለሜዳ ጅራፍ ሲያጮህ ያደገ ሰው ግን ዓሣውን አንድ ጊዜ ቢያይ ስም ለማውጣት አይቸገርም። ጅራፈኛ ሻርክ ነው።

ሙሉ ርዝመቱ እስከ 4.9 ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ግን ከ3.3 እስከ 4 ሜትር ያለው ነው። ከዚህ ርዝመት ግማሽ ያህሉ የጅራቱ የላይኛው ክንፍ ብቻ ነው። በ1981 በኒውዚላንድ ቱቱካካ አካባቢ የተያዘው ትልቁ 364 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ቀለሙ ከውኃ እንደወጣ ሐምራዊ የተቀላቀለበት ግራጫ ሆኖ እንደ ብረት ያብረቀርቃል፤ ዓሣው ሲሞት ግን ያ ብርሃኑ ወዲያው ይጠፋል። በመደርደሪያ ላይ በድኑን ብቻ ያየ ሰው እውነተኛ መልኩን አላየም ማለት ነው።

ዓይኑ ግን ሞቶም አይሳሳትም። በአዋቂው ላይ ከላይ ወደ ታች ሲለካ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም ከትልቅ ብርቱካን ይበልጣል። ቅርጹ የበር ቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል፤ ከላይ ሰፊና ክብ፣ ከታች ጠበብ ያለ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው አቀማመጡ ነው፤ ጉድጓዱ ከጎን ብቻ ሳይሆን እስከ ራሱ አናት ድረስ የወጣ ስለሆነ፣ ዓሣው አንገቱን ሳያዞር በቀጥታ ወደ ላይ ማየት ይችላል። ከዓይኑ ኋላ ደግሞ በራሱ ግራና ቀኝ፣ ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ በላይ፣ በማረሻ የተቀደደ ትልም የሚመስል ጥልቅ ቦይ አለው። እንዲህ ያለ ቦይ ከወንድሞቹ አንዱም የለውም።

ይህ ወደ ላይ የሚያይ ዓይን ለምን አስፈለገ? መልሱ ዓሣው ቀንና ሌሊት በሚያደርገው ጉዞ ላይ ነው። በ1996 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በምሥራቃዊው ፓሲፊክ በሁለት ባለ ቅንድብ ሻርኮች ላይ ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ አስረው ለቀቁና በመርከብ ተከተሏቸው፤ አንደኛውን አራት ቀን፣ ሌላውን ሦስት ቀን ያህል። ሻርኮቹ ቀን ከ200 እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ይውላሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሽቅብ ወጥተው ሌሊቱን ከ80 እስከ 130 ሜትር ባለው ውኃ ያድራሉ፤ ሊነጋ ሲል ተመልሰው ይወርዳሉ። በሌሎች ጊዜያት በተደረጉ ጥናቶች ከ700 ሜትር በታች የወረዱም ተመዝግበዋል። የሚያሳድዷቸው ስኩዊዶችና ትናንሽ ዓሦችም እንዲሁ ቀን ጨለማ ውስጥ ተደብቀው ውለው ሌሊት ወደ ላይ የሚወጡ ናቸው። እንግዲህ አዳኙም ታዳኙም በአንድ ሰዓት ይነሣሉ፣ በአንድ ሰዓት ይመለሳሉ።

በዚያው ጥናት አንድ ነገር ጎልቶ ታየ። ሻርኮቹ ሌሊት ሲወጡ ቀስ ብለው፣ ሲወርዱ ግን በፍጥነት ነው። ከታች ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ ዓይን ከላይ ከሚመጣው ደካማ ብርሃን በታች የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ጥላ ለይቶ ያያል፤ ከላይ ያለው ዓሣ ግን ጨለማው ውስጥ ያለውን አያይም። ስለዚህ ባለ ቅንድቡ ከሥር ሆኖ እያነጣጠረ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ነገር ግን ትልቅ ዓይን ብቻውን አይበቃም። በዚያ ጥልቀት የውኃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ 6 ዲግሪ የሚደርስበትም ጊዜ አለ። ዓይንና አንጎል ሲቀዘቅዙ ሥራቸው ይዘገያል፤ በፍጥነት የሚሮጥ ስኩዊድ እንደ ደበዘዘ ነገር ብቻ ይታያል። ለዚህ ደግሞ ተፈጥሮ ሌላ ዘዴ አበጅታለታለች። ከዓይኑ ጉድጓድ ኋላ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ድር ተጠላልፈው ይገኛሉ። ሊቃውንት በላቲን «ድንቅ መረብ» ይሉታል። ከጡንቻ ሞቆ የሚመጣው ደም በዚህ መረብ ውስጥ ከቀዝቃዛው ደም ጎን ለጎን፣ ነገር ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ያልፋል፤ ሙቀቱም ወደ ቀዝቃዛው ይተላለፋል እንጂ ወደ ባሕሩ አይባክንም። በክረምት በር ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ ወጪው የለበሰውን ካፖርት አውልቆ ለገቢው እንደሚያቀብል ያለ ነው። በዚህ ዘዴ ዓይኑና አንጎሉ ከዙሪያው ውኃ ይሞቃሉ። የቀረው አካሉ ግን ይቀዘቅዛል። ሰፊው የሚታወቀው ወንድሙ በተቃራኒው የሚዋኝበትን ቀይ ጡንቻ ማሞቅ ይችላል፤ ባለ ቅንድቡ ይህ አልተሰጠውም። ሀብቱን ሁሉ ዓይኑ ላይ ያዋለ ፍጡር ነው።

ስለ ጅራፉ ደግሞ ለብዙ ዘመን የተወራው ከታየው ይበልጥ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ይህ ሻርክ ዓሦችን በጅራቱ ገርፎ ያደነዝዛል ሲሉ፣ ሊቃውንት ግማሾቹ ያምናሉ፣ ግማሾቹ ይጠራጠራሉ። ማስረጃው በ2010 በፊሊፒንስ፣ ፔስካዶር በምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ በካሜራ ተያዘ፤ በ2013 ታተመ። የተቀረጸው «ፔላጂከስ» የሚባለው ወንድሙ ነው። ሻርኩ ወደ ሰርዲን መንጋ በፍጥነት ገብቶ አፍንጫውን ቁልቁል ይደፋና ጅራቱን በራሱ ላይ አሳልፎ ይሰነዝራል። የጅራቱ ጫፍ በአማካይ በሰኮንድ 14 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ሲሳካለት በአንድ ምት ከአንድ በላይ ሰርዲን ሞቶ ወይም ደንዝዞ ይቀራል፤ እርሱም ዞሮ ይለቅማል። ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም፤ ብዙውን ጊዜ ይስታል።

የባለ ቅንድቡን ምት በጨለማ ቀርጾ ማሳየት ከዚህ የከበደ ነው። ሆኖም ለቱናና ለሰይፍ ዓሣ በተዘረጋ መንጠቆ ላይ ሲያዝ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠለፈው ከአፉ ሳይሆን ከጅራቱ ነው። ማጥመጃውን ዓሣ መጀመሪያ ገረፈው ማለት ነው። የአገራችን ሰው «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል ደርሷል።

አሁን ወደ ዘሩ ቆጠራ እንመለስ። ሻርኮች በጠቅላላው ጠንካራ አጥንት የላቸውም፤ አካላቸውን የሚሸከመው እንደ ሰው ጆሮ የሚተጣጠፍ ነገር ነው። በዓለም ላይ ካሉት ከ500 በላይ የሻርክ ዝርያዎች መካከል ጅራፈኞቹ «ላምኒፎርምስ» በሚባለው ክፍል ይመደባሉ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ 15 ያህል ዝርያ ብቻ አለው፤ ግን ስመ ጥሮች የተሰበሰቡበት ነው። በፊልም የታወቀው ነጩ ሻርክ፣ ፈጣኑ ማኮ፣ ከዓሣ ነባሪ የሚቀራረበው ነገር ግን ጥቃቅን ፍጥረታት ብቻ እያጠለለ የሚበላው ትልቁ ሻርክ፣ እንዲሁም በ1976 በሃዋይ አጠገብ በድንገት የመርከብ መልሕቅ ላይ ተጠልፎ እስኪወጣ ድረስ ማንም መኖሩን ያላወቀው ባለ ሰፊ አፉ ሻርክ ከዚሁ ቤት ናቸው። እንዲህ ያሉ አስፈሪ ዘመዶች ቢኖሩትም ባለ ቅንድቡ በሰው ላይ አደጋ አድርሶ አልተመዘገበም።

የጅራፈኞቹ ቤተሰብ አንድ ወገን፣ ሦስት ዝርያ ነው። ታላቁ ሰፊው የሚታወቀው ሲሆን፣ የሆዱ ነጭ ቀለም ከጎን ክንፎቹ ሥር በላይ ያልፋል። ታናሹ የናካሙራው ፔላጂከስ ነው፤ ነጩ ቀለም ከክንፉ በላይ አይወጣም። ሁለቱን መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። በዓይኑና በቦዩ የሚለየው፣ የጀርባው ክንፍም ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ኋላ ያፈገፈገው ሦስተኛው ባለ ቅንድቡ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

በ1995 ግን ብሌዝ ኤይትነር የተባሉ ተመራማሪ ከሦስቱም ዝርያዎች ሥጋ ወስደው የውስጥ ንጥረ ነገሩን አመሳከሩ። ከሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርንያ ባሕር የመጡና ባለ ቅንድብ ተብለው የተመዘገቡ አንዳንድ ናሙናዎች ከባለ ቅንድቡም፣ ከሁለቱ ወንድሞቹም ጋር አልገጥም አሉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው ሆነ። ኤይትነር ያልታወቀ አራተኛ ዝርያ ሳይኖር አይቀርም ብለው ጻፉ። ዓሣው ራሱ ግን ሙሉ አካሉ ቀርቦ፣ ተለክቶ፣ ተስሎ ስም አልተሰጠውም። በ2014 የወጣ የዘር ጥናት ደግሞ ፔላጂከስ በፓሲፊክ ምሥራቅና ምዕራብ በጣም የተራራቁ ሁለት ሐረጎች እንዳሉት አሳየ። ስለዚህ ያ «አራተኛ» የተባለው ከምሥራቁ ሐረግ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። የሁለት ሰው ክርክር የሚመስለው ይህ ነገር ለዓሣ ሀብት ጠባቂዎች ቀላል አይደለም፤ አንድ ነው ብለው የሚቆጥሩት ሁለት ከሆነ፣ አንደኛው ሲያልቅ ሌላኛው ሸፍኖት ማንም አያየውም።

ማለቁ ደግሞ ሩቅ ሥጋት አይደለም። ምክንያቱ በአወላለዱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ዓሦች እንቁላላቸውን በሺህና በሚሊዮን ውኃ ላይ ይበትናሉ። ባለ ቅንድቧ እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለት ማኅፀን ስላላት በእያንዳንዱ አንድ። ሦስት ወይም አራት መውለዷ እምብዛም አይታይም። ፅንሶቹ በመጀመሪያ የራሳቸውን አስኳል ይመገባሉ፤ ያ ሲያልቅ እናታቸው የምታወርድላቸውን ያልጸነሱ እንቁላሎች እየበሉ ያድጋሉ። የሻርክ ቆዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፋቅ ሹል ቅርፊት አለው፤ መወለጃው የደረሰ ፅንስ ከውስጥ ሆኖ እናቱን እንዳይልጣት ይመስላል፣ በላዩ ስስ ሽፋን ተጋርዶበት ይገኛል። ከጅራፈኞቹ መካከል ይህ የታየው በባለ ቅንድቡ ብቻ ነው። ሲወለድ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ 1.4 ሜትር የሚደርስም አለ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ መቼም ጅራት ነው።

በ1990ዎቹ በሰሜን ምሥራቅ ታይዋን ወደብ የወረዱትን ሻርኮች ያጠኑ ሊቃውንት፣ በአከርካሪያቸው ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የሚታየውን መስመር እየቆጠሩ ዕድሜያቸውን ለኩ። ወንዱ ለአካለ መጠን የሚደርሰው በ9 ወይም በ10 ዓመቱ ነው። ሴቷ ከ12 እስከ 14 ዓመት ይፈጅባታል፤ የምትኖረው ደግሞ 20 ዓመት ያህል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንዲት እናት ከማንም ተንኮል ተርፋ ዕድሜዋን ብትጨርስ በሕይወት ዘመኗ የምትተካው ከ20 ብዙም ያልዘለለ ልጅ ነው። 10 ዓመት ሳይሞላት መንጠቆ ላይ ከቀረች ግን አንድም ሳትወልድ ቀረች ማለት ነው።

የካሊፎርንያ ዳርቻ ታሪክ እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት፤ የሚመለከተው ወንድሙን፣ ሰፊው የሚታወቀውን ቢሆንም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዚያ ባሕር አስጋሪዎች በተንሳፋፊ መረብ ጅራፈኛ ማጥመድ ጀመሩ። ሥጋው ጥሩ ስለሆነ ገበያው ደራ። በ1982 የወጣው ከ1,000 ቶን በላይ ነበር። አሥርቱ ዓመት ሳያልቅ ወደ 300 ቶንና ከዚያ በታች ወረደ፤ ቦታና ወቅት ተወስኖ መረቡ እስኪቀነስ ድረስም አላገገመም። ያ ዝርያ ግን አራትና ከዚያም በላይ ልጆች በአንድ ጊዜ ሊወልድ ይችላል። የሁለት ልጅ እናት የሆነችው ባለ ቅንድብ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባት ለማገገም ስንት ዘመን እንደሚፈጅባት መገመት አያዳግትም።

ባለ ቅንድቡን ሆን ብሎ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ሥጋው ልል ስለሆነ ዋጋ አያወጣም። ጠላቱ ለሌላ የተዘረጋው ገመድ ነው፤ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚለካ፣ በሺህ የሚቆጠር መንጠቆ የተንጠለጠለበት፣ ለቱናና ለሰይፍ ዓሣ ሌሊት ባሕር ላይ የሚዘረጋው ገመድ። ባለ ቅንድቡ ሌሊት የሚወጣበት ጥልቀትና መንጠቆው የሚንጠለጠልበት ጥልቀት አንድ ሆኖ ይገኛል። ከተያዘ በኋላ ደግሞ ሥጋው ባይፈለግም ክንፉ ይፈለጋል። የሆንግ ኮንግ ነጋዴዎች ያዘዋወሩትን ደረቅ ክንፍ የመረመረ በ2006 የወጣ ጥናት፣ ከጠቅላላው ከ2 በመቶ በላይ የሚሆነው የጅራፈኞቹ መሆኑን አሳይቷል።

ክልከላዎች አንድ በአንድ መጡ። አሜሪካ በ1999 በአትላንቲክ በኩል ባለ ቅንድቡን መያዝ ከከለከለቻቸው ሻርኮች ዝርዝር አስገባችው። በ2009 የአትላንቲክን ቱና የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በብራዚል ሬሲፌ ተሰብስቦ፣ አባል አገሮች በሙሉ ባለ ቅንድቡን በመርከባቸው እንዳያስቀሩ ወሰነ፤ ለሜክሲኮ ትናንሽ ጀልባዎች ብቻ 110 ዓሣ ተፈቀደ። በ2010 የሕንድ ውቅያኖሱ ኮሚሽን ሦስቱንም ዝርያዎች ከለከለ። በ2016 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ በተደረገው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጉባኤ፣ ስሪላንካ ባቀረበችው ሐሳብ ጅራፈኞቹ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ ተወሰነ፤ ውሳኔው በሥራ የዋለው በ2017 ነው። የዚህ ውሳኔ አጻጻፍ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በራሱ አደጋ ምክንያት በዝርዝሩ የገባው ባለ ቅንድቡ ነው። ሁለቱ ወንድሞቹ የገቡት በመመሳሰላቸው ነው፤ ክንፉ ተቆርጦ ከደረቀ በኋላ የጉምሩክ ሠራተኛ አንዱን ከሌላው ስለማይለየው፣ ባለ ቅንድቡ በወንድሞቹ ስም እንዳያልፍ ሦስቱንም ማሰር ግድ ሆነ።

ሕጉ ሁሉን አይሸፍንም። በአትላንቲክ ላይ የፖርቱጋልን መርከቦች ተከትለው የቆጠሩ ተመራማሪዎች፣ ገመዱ ሲሳብ ከባለ ቅንድቦቹ ግማሽ ያህሉ ሞተው እንደሚወጡ አረጋግጠዋል። የሞተውን መልሶ ወደ ባሕር መጣል ሕጉን ያስከብር ይሆናል፤ ዓሣውን ግን አያተርፈውም። በብዙ አገር የዓሣ መዝገብ ላይም ሦስቱ ዝርያዎች ለዓመታት የተጻፉት «ጅራፈኛ» በሚል አንድ ስም ነው፤ ስንቱ ባለ ቅንድብ፣ ስንቱ ወንድሙ እንደነበረ ከወረቀቱ ላይ ማውጣት አይቻልም።

ስለዚህ ሥራው የሚወድቀው ሌሊት መርከብ ላይ በቆመው ሰው ላይ ነው። ገመዱ እየተሳበ፣ ባሕሩ እየናወጠ፣ በባትሪ ብርሃን ከውኃው ጫፍ ረዥም ጅራት ብቅ ሲል፣ ጅራቱን ማየት ምንም አይነግረውም፤ ሦስቱም ያው ነው። ማየት ያለበት ራሱን ነው። ከመተንፈሻው በላይ ትልም አለ ወይስ የለም? ዓይኑ ወደ ሰማይ ያያል ወይስ ወደ ጎን? ይህን አይቶ፣ በመዝገቡ ላይ ትክክለኛውን ስም ጽፎ፣ ዓሣው ገና ሕይወት ካለው ገመዱን ከመንጠቆው ሥር ይቆርጥለታል።